በእናቴ ጎመን ላይ የረጨሁት

እናቴ ከሞተች በኋላ ብዙ ወራት በእጇ የተከለችውን ጎመን እየቀጠፍን በላን። ያበሻ ጎመን ከሥሩ ካልነቀሉት በቀጠፉት ቁጥር ከላይ ቅጠል ይጨምራል። እሷ ከተቀበረች በኋላም ማደጉን አላቆመም። ጠዋት ጠዋት የጓሮውን በር ስከፍት ጤዛ አርፎበት፣ ቅጠሉን ዘርግቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሞ አገኘዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር ልበል ወይስ ይጨንቀኝ ነበር፣ ዛሬም አላውቅም። አንዳንድ ቀን ፊቴን እየታጠብኩ ከጀርባ መኮትኮቻዋ አፈር ሲነካ እሰማለሁ። ውሃውን ዘግቼ ጆሮዬን ስሰጥ ምንም የለም።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ወደ ውቤ በረሃ ሲኬድ ገባ ብሎ የነበረ አሮጌ የቀበሌ ቤት ነው። በአንድ ግቢ ሁለት ቤተሰብ ነበርን። በአንደኛው በር እናቴና እኔ፣ በሌላው ደግሞ እኔ ሳልወለድ ከወሎ መጥተው እዚያ የከተሙ ባልና ሚስት። ባልየው ዕድሜያቸውን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ያጎነበሱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ካረጁ በኋላ ደረታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት ብዙም አይወጡም ነበር። እሳቸውን አባባ፣ ሚስታቸውን እማማ እያልኩ ነው ያደግሁት። ልጅ አልነበራቸውም። እናቴ ሥራ ስትውል እማማ ናቸው ያበሉኝ፤ የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ አባባ ናቸው።

ከቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል የምታክል ቦታ አለች። ድሮ የጡብ ስብርባሪና የዛገ ቆርቆሮ የሞላባት እንደነበረች እማማ ነግረውኛል። አፈር ያደረገቻት እናቴ ናት። ፒያሳ ካለ አንድ ማኪያቶ ቤት የቡና አተላ በባልዲ ትሸከማለች፤ ከኬክ ቤቱ የእንቁላል ቅርፊት ታመጣለች፤ ከጓዳ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ ትሰበስባለች። ሁሉንም ከደረቅ ቅጠልና ከአመድ ጋር እያፈራረቀች ጥግ ላይ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ትከምረዋለች። ሲብላላ እንፋሎት ያወጣል። ከወራት በኋላ ጥቁር፣ ሲጨብጡት የሚፈረፈር፣ ዝናብ የነካው ጫካ የሚሸት ነገር ከዚያ ይወጣል።

«እኔ የምቀልበው አፈሩን ነው፤ ጎመኑን መቀለብ የሱ ሥራ ነው» ትል ነበር።

ተባይም ሲመጣ አትደነግጥም። ቅጠሉን ገልብጣ ከሥሩ ታያለች፤ ክሽክሽ የሚባለውን ደቃቅ ተባይ ካገኘች በአውራ ጣቷ ትጨፈልቀዋለች። ከበዛ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጣ በሳሙና ውሃ ታሳድራለች፤ ያንን አጥልላ ትረጫለች። ጀርባቸው ነጠብጣብ ያለባቸውን ቀያይ ጥንዚዛዎች ግን እንድነካቸው አትፈቅድልኝም ነበር። ክሽክሹን የሚበሉት እነሱ ናቸው። አጥሩ ሥር ደግሞ አንድ ረድፍ ጎመን ዘር ዘርታ እንዲሁ ትተወዋለች። «ይሄ የተባዮቹ ነው» ትለኛለች። እኔ የሷ ልጅ ሆኜ የቢሮ ሰው ነበርኩ። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እየሠራሁ እሷ እያለች ጓሮውን የማየው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር።

እማማ ከጎመኑ መደብ የፈለጉትን ሳይጠይቁ ይቀጥፋሉ። እናቴ እያለችም፣ ከሞተችም በኋላ ልማዱ ይኸው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የማላውቅ መስሎ እንዳይታይብኝ ነው። አውቅ ነበር።

እናቴ ከሞተች በኋላ ጉድጓዱን የሚሞላ ጠፋ። የቡና አተላውን ባልዲ ይዤ ፒያሳ መሃል መሄድ አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሥራ በዛብኝ። ውሃ ብቻ እያጠጣሁ ቆየሁ። አፈሩ ከላይ እየደረቀ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ሙት ዓመቷ አንድ ወር ሲቀረው ክሽክሹ መጣ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ነበር፤ በሳምንቱ የጎመኑ እምቡጥ ሁሉ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ቅጠሉ ተኮማተረ። በጣቴ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። የሳሙናውን ውሃ ሞከርኩ፣ መጠኑን አላውቀውምና ቅጠሉን አቃጠለብኝ።

ሌላ ጎመን መትከል እችል ነበር። ግን ያ እሷ የተከለችው ነው። ከእጇ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ሲሞት ማየት አልፈለግሁም።

መሥሪያ ቤት ይህንኑ ስናገር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰማኝ። ወንድሙ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሽንኩርት የሚያመርት ሰው ነው። በሳምንቱ ትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ነጣ ያለ ፈሳሽ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ምንም ጽሑፍ የለበትም።

«አንድ ክዳን ለአንድ ባልዲ» አለኝ። «በአንድ ቀን አንድም ክሽክሽ አይተርፍም። ከረጨሽ በኋላ ግን ሁለት ሳምንት እንዳትቀምሱት።»

ቅዳሜ ጠዋት ረጨሁት። አንድ ክዳን አነሰብኝና ሦስት አደረግሁ። እማማና አባባ ለለቅሶ ዘመድ ቤት ሄደው ነበር፤ እሑድ ማታ ነው የሚመለሱት። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ነጠላዬን በአፌ ላይ አስሬ ነበር የረጨሁት። ስጨርስ እጄን ታጥቤ፣ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ፤ ከዚያ ለሙት ዓመቱ ከዘመዶች ጋር ስንነጋገር መሸ። እነሱ ሲገቡ የበሩን ድምፅ ሰምቻለሁ። ደክሟቸዋል፣ ጠዋት እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰኞ ጠዋት ታክሲ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው ተሰብስቧል። አባባን ሁለት ሰዎች ደግፈው ወደ መኪና ሲያስገቧቸው ደረስኩ። ከአፋቸው ምራቅ ይወርዳል። ላባቸው ሸሚዛቸውን አርሶታል። እማማ ጫማቸውን እንኳ ሳያጠልቁ በነጠላ ጫማ ከኋላ ይከተላሉ።

«ምን ሆኑ?» አልኩ።

«አላወቅሁም ልጄ፣ ምሳ በልተው ትንሽ ጋደም እንዳሉ ነው። አስመለሳቸው፤ ከዚያ ይኸው…»

ምን እንደበሉ አልጠየቅሁም። አወቅሁ። መኪናው ውስጥ የገባሁት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም።

ሆስፒታል ሐኪሙ በትንሽ መብራት ዓይናቸውን አየ። ወጣት ነው፤ ችኮላ ላይ ነው።

«ምንድን ነው የበሉት?»

«ጎመን በእንጀራ» አሉ እማማ።

«እርስዎስ በልተዋል?»

«እኔ ሰኞ ሰኞ እጾማለሁ። ለሳቸው ብቻ ነው የሠራሁት። አልቀመስኩትም እንኳ።»

«ጎመኑ ከየት ነው? መድኃኒት የተረጨበት ይሆን?»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። «ኧረ በፍጹም! ከግቢያችን ነው። የጎረቤቴ ጎመን ነው፣ አላህ ይዘንላት፤ ሃያ ዓመት ስንበላው መድኃኒት የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ተከትዬው ሮጥኩና ክንዱን ያዝኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፕላስቲኩን፣ ሦስቱን ክዳን፣ ቅዳሜን። አላስጨረሰኝም፤ ነርሷን ጠርቶ የመድኃኒት ስም ነገራትና ሮጠች። ዘወር ሲል «እባክህ እኔ ነኝ ብለህ እንዳትነግራቸው» አልኩት። ለአፍታ አየኝ። «እሱ የኔ ሥራ አይደለም» አለና ገባ።

ማርከሻው ሠራ። በሦስተኛው ቀን አባባ ቀና ብለው ሾርባ ጠጡ። በሳምንቱ ወደ ቤት ተመለሱ። ሐኪሙ ለእማማ «የተበከለ ነገር ነው» ብቻ ብሏቸው ነበርና እሳቸው «በወንዝ ውሃ የሚበቅል የገበያ ቃሪያ ጨምሬበት ነበር፣ ከሱ ይሆናል» እያሉ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበር። እኔ ስሰማ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

አባባ ግን እንደ ቀድሞው አልሆኑም። ደረታቸው ባሰበት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ በራቸው ላይ የሚቀመጡባትን በርጩማ ማውጣት አቃታቸው። ከሁለት ወር በኋላ ከአስር ሶላት በፊት ዐረፉ። ድሮም የሳንባ በሽተኛ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውም ገፍቶ ነበር፤ ለቀስተኛው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ምናልባት እውነት ነው። ሐኪም የጠየቅሁ እንደሆነ እርግጡን የሚነግረኝ አይመስለኝም፤ ደፍሬም አልጠየቅሁም።

ጎመኑን አባባ ከሆስፒታል እንደተመለሱ ነቅዬው ነበር። ሙት ዓመቷ ላይ የእናቴን ጎመን ያላገኙ ዘመዶች «ምን ሆነ?» ሲሉኝ «ተባይ በላው» አልኳቸው። ሥሩን ስነቅል ከሥር ያለው አፈር እንደ ሲሚንቶ ተጋግሮ ነበር። ቀያዮቹ ጥንዚዛዎች በጀርባቸው ተገልብጠው መደቡ ላይ ተበትነዋል። ድሮ በአንድ ዶማ ብቻ አምስት ስድስት የመሬት ትል ይወጣ ነበር፤ ያን ቀን እስከ ክንዴ ቆፍሬ አንድም አላገኘሁም። አፈሩ ሽታ አልባ ሆኗል። እናቴ አፈር ጨብጣ የምታሸትበት ልማድ ነበራት፤ እኔም ጨብጬ አሸተትኩ፣ እንደ ግድግዳ አቧራ ነው። የዚያን ዕለት ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኳት መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ መኮትኮቻዋን ሰምቼው አላውቅም። ከመስማቴ ይልቅ አለመስማቴ ነው ያስፈራኝ።

ወደ ጓሮው የመለሱኝ እማማ ናቸው። የአባባ አርባ ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩ። በእጃቸው የእናቴን ባልዲ ይዘዋል።

«ተነሺ» አሉኝ። «ማኪያቶ ቤት እንሂድ።»

«እማማ፣ እኔ አልችልም።»

«እኔስ መች እችላለሁ? ቤት ቁጭ ብዬ የሳቸውን ወንበር ከማይ ግን አተላ ብሸከም ይሻለኛል።»

ሄድን። ባንኮኒ ላይ የነበረው ሰው እናቴን ያስታውሳታል፤ ባልዲውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ተቀብሎ ሞላልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ክረምት ሠራን። መጀመሪያ የላይኛውን አፈር ጠርገን አወጣን። የቀረውን በመቆፈሪያ ሹካ አላላነው። እማማ በልጅነታቸው አባታቸው እርሻ ላይ ያዩትን ያስታውሳሉ፤ ባቄላ ዘርተን፣ አበባ ሲይዝ ፍሬ ሳያፈራ እዚያው አፈሩ ውስጥ ገለበጥነው። የጉድጓዱን ብስባሽ አለበስነው፤ በላዩ ላይ ፀሐይ እንዳያነድደው ደረቅ ሣር ጎዘጎዝን። የመጀመሪያው ዓመት ለመብላት ብለን ምንም አልተከልንም። «አፈሩ ይረፍ፤ ታሟል» ይላሉ እማማ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እኮተኩታለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ደግነታቸው ነው። እየሠራን ስለ እናቴ ያወራሉ። «አንድም ነገር ሳትመርዝ ነው ያለፈችው» አሉ አንድ ቀን፤ መኮትኮቻው ከእጄ ወደቀ። ስለ አባባም ያወራሉ። ጎመን እንዴት ይወዱ እንደነበር፣ የዚያን ዕለት ጠዋት «ዛሬ ጎመን አምሮኛል» ብለው እንደጠየቋቸው። ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ ተነሥቻለሁ። «እማማ» እላለሁ፤ ቀና ብለው ሲያዩኝ «ውሃ ላምጣልዎት?» እላለሁ።

በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ የመጀመሪያውን የመሬት ትል ያገኙት እሳቸው ናቸው። ጮኹ። ሮጬ ስሄድ መዳፋቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ሕፃን ልጅ እየሳቁ፣ እንባቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ።

ሰፈሩ ይነሳል የተባለው እንደገና የተከልነው ጎመን ሁለተኛ ቅጠሉን ሲያወጣ ነው። መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ ከዚያ በየበሩ ቁጥር ተጻፈ። ለእኔ የደረሰኝ ከከተማው ጠርዝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለእማማ በሌላው አቅጣጫ ምድር ቤት። ያንን ግቢ ለቀን የምንወጣበት ቀን ሲቃረብ እማማ ዕቃቸውን ትተው ጓሮ ገቡ። አፈሩን መዛቅ ጀመሩ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ይሄንን ለዶዘር ትቼማ አልሄድም» አሉ። አንድ ባዶ ማዳበሪያ ዘረጉልኝ። «ያዢልኝ። ማዳበሪያ አይቶ የማያውቅ አፈር በስተመጨረሻ ማዳበሪያ ውስጥ ይግባ።» ሳቁ። ፒያሳ የኖረ ሰው በለቅሶውም መሃል በቃል መጫወት አይተውም።

እኔ አልሳቅሁም። የማዳበሪያውን አፍ ይዤ ተንበርክኬ ነበር። ወይ አሁን ወይ መቼም አልኩ።

«እማማ፣ ጎመኑን መድኃኒት የረጨሁት እኔ ነኝ። አባባን ያሳመማቸው እሱ ነው። ቃሪያው አይደለም። ልነግርዎት ነበር፤ ቅዳሜ ረጨሁት፤ እሑድ ልነግርዎት ነበር…»

አካፋውን አቆሙ። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም፤ እጃቸውን ነው ያየሁት። ደም ሥራቸው የተገታተረ፣ ጥፍራቸው ውስጥ አፈር የገባ እጅ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሰዎች ቆርቆሮ ይነቅላሉ፤ የሚስማሩ ድምፅ ይሰማል።

«ሸትቶኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ስቀጥፈው ሸትቶኛል። የቁንጫ መድኃኒት የመሰለ ሽታ። እናትሽ እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም፣ ልጇም አታደርግም፣ ከጎረቤት ነፋስ ያመጣው ነው አልኩ። ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ሽታው አልለቀቀም ነበር። እሳቸው ደግሞ ‹ደረሰ ወይ?› እያሉ ይጣራሉ። ቤት ውስጥ ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረኝም። ሠራሁት። እጾማለሁና አልቀመስኩትም። ብቀምሰው አውቀው ነበር።»

«እማማ…»

«ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ሽታውን አልነገርኩትም። አስቢው እንግዲህ። አንቺ ባትነግሪው ኖሮ እዚያው ያልፉ ነበር።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር? እኔ እንደነገርኩት?»

«ካንቺ ጋር ተነጋግሮ እንደገባ ማርከሻ ሲሰጣቸው አየሁት። ወጥተሽ ስትገቢም ፊትሽን አየሁት። አንቺ እስክትነግሪኝ እጠብቅ ነበር፤ ከነገርሽኝ ደግሞ እኔም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ አልጠየቅሁሽም።»

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። እግራቸውን ልይዝ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ከእኔ አይደለም» አሉ። «የምትጠይቂው እሳቸውን ነው። እኔም የምጠይቀው እሳቸውን ነው። መልሱን ሁለታችንም አሁን አንሰማም።» ከዚያ አካፋውን አነሡና «በይ ያዢ፣ እንዳይፈስ» አሉኝ።

አራት ማዳበሪያ ሞላን። ሁለቱን እሳቸው ወሰዱ፤ ሁለቱን እኔ። የጫነልን ሰው አፈር መሆኑን ሲያይ «እናንተ የአራዳ ልጆች አፈራችሁንም ትሸከማላችሁ?» ብሎ ቀለደ። መኪናው ሲነሣ እማማ ከፊት ተቀምጠው ወደ ኋላ አልዞሩም።

አሁን ግቢያችን በነበረበት ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የተስተካከለ ሣር አለ። በዚያ ሳልፍ ቦታውን የማውቀው ከአንድ ያልተቆረጠ ዛፍ ርቀቱን በእግሬ ለክቼ ነው። አንዳንድ ቀን እቆማለሁ። ሰው የሚጠብቀኝ ይመስለኛል፤ ዞር ስል መንገደኛ ብቻ ነው።

እማማ ዘንድ የምሄደው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሥራ በኋላ ነው። ደጃፋቸው ላይ በሁለቱ ማዳበሪያ አፈር ቆስጣና ጤና አዳም ተክለዋል፤ የፎቁ ሰዎች ልጣጫቸውን ያመጡላቸዋል። ስለ ትልና ስለ አመድ እንነጋገራለን። ሌላውን ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንሥተነው አናውቅም። ባለፈው ጊዜ ብቻ፣ ልወጣ ጫማዬን ሳስር፣ በሩን ተደግፈው ቆመው ጠየቁኝ።

«እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«አንዳንዴ» አልኳቸው።

«እኔንም አንዳንዴ» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው እስከ ታክሲው ሸኙኝ።